የማይዘጋው በርና የምናለሽ ተራው መላጊያ

ነገሩ የጀመረው በበር ነው። የጓዳችን በር ዋንዛ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። በጋውን ሰላም ነው። ሐምሌ ሲገባ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል። ያን ክረምት ጭራሽ ብሶበት በትከሻ ካልተገፋ የማይዘጋ፣ ከተዘጋ ደግሞ የማይከፈት ሆነ።

አናጢ ጠራን። ልጁ የኤሌክትሪክ መላጊያ ይዞ መጣ። በሩን ከማጠፊያው እንኳ ሳያወርድ ጫፉን አስጮኸበትና ሄደ። በሩ ተዘጋ። ግን መሃሉ ላይ ደረጃ ሠርቶበታል፤ ከታች በኩል እንጨቱን ቦጫጭቆታል። በሳምንቱ ዝናቡ ሲበረታ በሩ እንደገና ያዝ ያደርገው ጀመር።

ጉዳዩን ለጎረቤታችን አጫወትኳቸው። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም እዚህ እንደዚያው ልጥራቸው።

«ለዚች ለዚች የእጅ መላጊያ ይበቃል» አሉኝ። «ሩብ ሰዓት አትፈጅም።»

«እንግዲያው የእርስዎን ያውሱኛ።»

ሳቁ። «የእኔንማ ልጆቹ ለቁራሌው ከሸጡት ስንት ዘመኑ! ሂድና ምናለሽ ተራ ፈልግ። የብረቱን ነው ታዲያ።»

ሩብ ሰዓት የተባለው ሥራ አምስት ሳምንት ወሰደ። ያሳካሁትንም ያበላሸሁትንም እንዳለ ልጻፈው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ከደከምኩት ድካም አብዛኛው የፈሰሰው ለመላጊያው ምንም በማይጠቅም ቦታ ላይ ነው።

ግዢው

ምናለሽ ተራ መርካቶ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ የጣለችው ነገር እዚያ ሄዶ ነፍስ ይዘራል። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጎማው ጫማ ይሆናል። መላጊያውን ያገኘሁት ከአንድ የብረታ ብረት ክምር ሥር፣ ከተሰበረ የሥጋ መፍጫ አጠገብ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝጓል። ከሩቅ ሲያዩት በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል።

መጀመሪያ የፈለግኩት ስንጥቅ ነው። የመላጊያው ገላ ጊዛ ነው፤ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት። ጊዛ አይታጠፍም፤ ይሰበራል። ከጠረጴዛ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ መላጊያ ብዙ ጊዜ ከአፉ (ምላጩ ወደ ታች ከሚወጣበት ክፍተት) ጥግ ወይም ከጎኑ ይሰነጠቃል። ጊዛ መበየድ ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ዕቃ አያዋጣም። ስንጥቅ ካለ ትቶ መሄድ ነው። አፉን በጨርቅ ጠራርጌ በስልኬ መብራት አየሁት። ደህና ነው። ቀጥሎ ክፍሎቹ መሟላታቸውን ቆጠርኩ። ምላጩ አለ፣ ከላዩ የሚደረበው ብረት አለ፣ ክዳኑ አለ፣ የናሱ መዘውር አለ፣ ሁለቱ እጀታዎች አሉ። የጎደለችውን አንዲት ብሎን አላየኋትም። ስለእሷ በኋላ።

ሻጩ «የጣሊያን ነው፤ የጥንት ዕቃ» አለኝ። ብረቱ ላይ ግን ስታንሊ፣ ቁጥር 5፣ እንግሊዝ አገር የተሠራ ተብሎ በጉልህ ተጽፎበታል። አልተከራከርኩትም። በዋጋው ግን ተከራከርኩትና ከጠየቀኝ ግማሹን ከፍዬ ወጣሁ።

ቁጥር 5 ርዝመቱ 14 ኢንች ነው፤ 35 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ። የምላጩ ስፋት 2 ኢንች። ይኼን አሠራር ያመጣው ሊዮናርድ ቤይሊ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የመሣሪያ አምራቹ ስታንሊ የሰውየውን የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1869 ገዛው። ከቤይሊ በፊት በነበረው የእንጨት መላጊያ ምላጩን ወደ ታች ለማስወጣት በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ነበር። ቤይሊ ለዚያ መዘውር ሠራለት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ብዙም አልተለወጠም፤ ዛሬ በርካሽ የሚሸጠው የብረት መላጊያ በአብዛኛው የዚያው ግልባጭ ነው። ስታንሊ እንግሊዝ አገር፣ ሸፊልድ ከተማ ውስጥ መላጊያ መሥራት የጀመረው በ1930ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ፣ የእኔው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ከዚህ በላይ ዕድሜውን ልቁጠር አላልኩም።

በነገራችን ላይ፣ የአናጢ ቤት ዕቃችን ግማሹ የጣሊያን ስም ነው ያለው። ካቻቪቴ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ፑንታ። ብናኙ ሳይቀር ሰጋቱራ ነው። መላጊያ ግን መላጊያ ሆኖ ቀረ። መሮና መጋዝም እንደዚያው። እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

በግራ የሚፈታ ነገር

ቤት እንደገባሁ ካቻቪቴ ይዤ ወረድኩበት። ክዳኑ በቀላሉ ተነሳ። ምላጩና ተደራቢው ብረት በዝገት ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብዬ አላቀቅኳቸው። ከሥራቸው ምላጩ የሚተኛበት ተዳፋት መደብ አለ፤ 45 ዲግሪ ያዘነበለ። ፈረንጆቹ እንቁራሪት ይሉታል። እኔ መደብ እለዋለሁ፤ ሥራው የሚያስተኛ ስለሆነ።

ችግሩ የናሱ መዘውር ላይ መጣ። ምላጩን የሚያወጣውና የሚያስገባው እሱ ነው። አልዞር አለ። ብሎን የሚፈታው ወደ ግራ ነው ብዬ ወደ ግራ ታገልኩት። ባሰበት። ፒንሳ አመጣሁ። ፒንሳው ናሱን ነከሰው፤ ጠባሳው አሁንም አለ። በማግስቱ ይዤው ወደ ጋሼ ሄድኩ።

አገላብጠው አዩት። የነከስኩትንም አዩ። «ይኼ የግራ ጥርስ ነው» አሉ። «ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። አንተ ስታጠብቀው ነው የዋልከው።»

እውነት ነው። ጥርሱ በግራ የተደረገው ታስቦበት ነው፤ መዘውሩን ወደ ቀኝ ስታዞረው ምላጩ ወደ ታች እንዲወርድ። ናፍጣ ውስጥ አሳደርኩትና በማግስቱ ወደ ቀኝ በጣቴ ተፈታ። አዲስ ብሎን እንዳልገዛለትም ያኔ ተማርኩ። የጎደለችውን ብሎን ፍለጋ ሦስት የብሎን ሱቅ ዞሬ ነበር፤ የሜትሪክ ብሎን አንዱም አልገባም። የእነዚህ መላጊያዎች ጥርስ የኢንች ነው፤ እሱም ቢሆን የተለመደው ዓይነት አይደለም። ሰብረኸው ብትገኝ ቶርኖ ቤት ማሠራት ነው ያለህ አማራጭ።

የቀቀልኩት ዝገት

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልምጣ። ዝገት በአቼቶ ይለቃል ሲባል ሰምቻለሁ። ይለቃልም። አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ዝገቱን ያሟሟዋል። ችግሩ ዝገቱ ሲያልቅ አለማቆሙ ነው፤ ብረቱን መብላት ይጀምራል። ስለዚህ በየጥቂት ሰዓቱ እያወጡ ማየት፣ በቃ ሲል ማንሳት ነው።

እኔ ቅዳሜ ጠዋት ገላውን ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ትናንሾቹን ብሎኖችና የናሱን መዘውርም አብሬ ጣልኩ። ከሰዓት ላወጣው ነበር። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ተሰማ። ድንኳን ስንተክል፣ ስንቀብር፣ ስናስተዛዝን ሰኞ ማታ ሆነ።

ሳወጣው ዝገት የሚባል የለም። ግን ብረቱ ጥቁር ግራጫ ሆኗል፤ ሲዳሰስ ጥሩ አሸዋ የነካህ ይመስልሃል። እጄ ጥላሸት ሆነ። የናሱ መዘውር ደግሞ ሮዝ! ናስ የመዳብና የዚንክ ድብልቅ ነው። አሲዱ ከላዩ ዚንኩን ወስዶ መዳቡን ትቶታል። ያው በኋላ ሲፈተግ ወደ ቢጫው ተመለሰ። የገላው መሻከር ግን የሚመለስ አይደለም።

ቀጥሎ የሆነውም ያስተምራል። የቀረውን አሲድ ለማጥፋት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጬ አጠብኩት። ቡና ልቀዳ ገባሁ፤ ስመለስ ብረቱ ብርቱካንማ ሆኗል። ገና የጸዳ እርጥብ ብረት እንደዚያ ነው፤ ደቂቃ አይሰጥህም። ወዲያው በጨርቅ ማድረቅ፣ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ፣ የስፌት መኪና ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ደግሞ በእጥፍ።

ጋሼ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀቀልከው እንጂ አላጸዳኸውም።»

አሁን ቢሆን እንዴት አደርገው ነበር? ዘይት ወይም ናፍጣ ቀብቼ፣ በዕቃ ማጠቢያ የብረት ሽቦና በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት ቀዩንና የሚረግፈውን ዝገት ብቻ አነሳ ነበር። ሥሩ የሚቀረው ጥቁር ጠባሳ ማንንም አይጎዳም። የእኔ ብጤ ችኩል ግን የሚያብረቀርቅ ነገር ይወዳል። ከዚያ በኋላ እንኳ የገላውን ጎን፣ የክዳኑን አናት፣ የማንም ዓይን የማያርፍበትን ጥግ ሁሉ ስፈትግ ሁለት ቅዳሜ አለቀ። ጥቁሩ የፋብሪካ ቀለም ከግማሽ በላይ ስለቀረ አልነካሁትም። ብቸኛው ብልህ ውሳኔዬ ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ጓደኛዬ «ጥንታዊ ዕቃ ነው፤ ባትነካው ይሻል ነበር» ብሎኝ ነበር። ለብርቅ ዕቃ እውነቱን ነው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገውን ዕቃ ፈትጎ ማሳመር ዋጋውን ይገድለዋል። ቁጥር 5 ግን በብዛት የተሠራ የሥራ መሣሪያ ነው። ዋጋው መላጉ ላይ ነው።

ወለሉ

እንጨቱ ላይ የሚንሸራተተው የመላጊያው ታች ቀጥ ማለት አለበት ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም። የግድ መገናኘት ያለባቸው ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ የፊቱ ጫፍ፣ ከአፉ ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ፣ የኋላው ጫፍ። እነዚህ ሦስቱ በአንድ መስመር ካረፉ ሌላው ትንሽ ቢጎደጉድ ግድ የለም። ከአፉ ፊት ያለው ጠርዝ ከቀረ ግን ችግር ነው፤ ምላጩ እንጨቱን ሲያነሳ ከላይ የሚጫነው ስለማይኖር እንጨቱ ይቦጨቃል።

የወጥ ቤት ጠረጴዛ ግራናይት ከሚቆርጡ ልጆች አንድ ቁራጭ ለመንኩ። በነፃ ሰጡኝ። ስኳድራ አቁሜበት በብርሃን አየሁ፤ ቀጥ ያለ ነው። 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ለጠፍኩበት። ወለሉ ላይ በማርከር መስመሮች አሰመርኩና ገፋ ሳብ፣ ገፋ ሳብ። ማርከሩ የጠፋበት ከፍ ያለው ነው፤ የቀረበት ጎድጓዳው ነው። መስመሩ ሁሉ እስኪጠፋ ድረስ ቀጠልኩ። ላብ በላብ ሆንኩ።

ከዚያ መደቡን፣ ምላጩን፣ ክዳኑን ገጥሜ እንደገና ፈተሽኩት። ከአፉ ፊት ጎድጉዷል! ሰዓታት የፈተግኩት ቦታ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ክዳኑ ሲቆለፍ ምላጩን ወደ ታች ይጫናል፤ ጭነቱ በመደቡ በኩል ወደ ገላው ያልፋል። ጊዛው በጥቂቱ ይለመጣል፤ በዓይን የማይታይ፣ ግን ስስ ልጣጭ ለሚልግ መሣሪያ የሚበቃ። እኔ ያቃናሁት ባዶውን ገላ ነበር። መቃናት ያለበት ሁሉም ነገር ተገጥሞ፣ ክዳኑ እንደ ሥራ ሰዓት ጠብቆ፣ ምላጩ ብቻ ወደ ውስጥ ተመልሶ ነው። ምላጩ እንዳይነካ መመለሱን ሁለቴ ማየት ይበጃል። በዚህ መንገድ ስደግመው አርባ ደቂቃ በቂ ሆነ። መሃሉ ላይ አሁንም ማርከር ያልለቀቀው ቦታ አለ። ተውኩት።

ምላጩ

የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው። ከዚህ በፊት ያለው ሁሉ ተዘሎ ምላጩ ብቻ በደንብ ቢሳል ኖሮ፣ ያ የዛገ መላጊያ በዝገቱ እንዳለ በሬን ይልግልኝ ነበር። ይኼን ያወቅኩት መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

ምላጩን ሳጸዳ አንደኛው ማዕዘን ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው በግራይንደር ሲስለው አግሎታል። የዚህ ዓይነቱ ብረት ጥንካሬ የሚመጣው ፋብሪካ ውስጥ በግለትና በማቀዝቀዝ ነው። በኋላ 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል፤ ያኔ ጥንካሬው ከድቶታል ማለት ነው። ይሳላል፣ ግን ስለቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትገፋው ይሞታል።

ጋሼ ሞረድ አምጣ አሉኝ። ደህናው ጫፍ ላይ ሞረዱን ሲያስኬዱት ተንሸራተተ፤ መስታወት ላይ የሄደ ያህል። ሰማያዊው ማዕዘን ላይ ሲያስኬዱት ግን ነከሰ፤ ብረቱን ፋቀው። «አየህ? እዚህ ጋ ሚስማር ሆኗል» አሉ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምርመራ አላየሁም።

ሰማያዊው እስኪያልቅ መቁረጥ ነበረብኝ፤ አራት ሚሊ ሜትር ያህል። ሠፈር ካለ ብየዳ ቤት ግራይንደር ተጠቀምኩ። የጋሼ ሕግ እንዲህ ነው፦ ጓንት የለም፣ ባዶ ጣት። ውሃ በቆርቆሮ አጠገብ ይቀመጣል። ሁለት ሰከንድ ታስነካለህ፣ ውሃ ውስጥ ትነክራለህ። ጣትህን ካቃጠለህ ዘግይተሃል። ባዶ ጣትህ የሚችለው ሙቀት ብረቱን አይጎዳውም። (መነጽር ግን አድርጉ። በጣት እንጂ በዓይን መቀለድ የለም።)

የስለቱ ዝንባሌ 25 ዲግሪ ነው የሚሆነው። ማዕዘን መለኪያ አልነበረኝም። ግን መለኪያ አያስፈልግም። የምላጩ ውፍረት ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። የተሳለው ፊት ርዝመት ከውፍረቱ ሁለት ጊዜ ከትንሽ በላይ ሲሆን 25 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው። አምስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ አቆምኩ።

ቀጥሎ ጀርባው። ስለት የሁለት ፊቶች መገናኛ ነው። የፊቱን ብቻ አሳምሮ ጀርባውን መተው ግማሽ ስለት ነው። የእኔ ምላጭ ጀርባ በዝገት ተበሳስቷል፤ ጥልቅ ነጥቦች ናቸው። ጀርባውን በሙሉ እስኪጠፉ መፈተግ አንድ ወር ይፈጅ ነበር። እዚህ ላይ ዴቪድ ቻርልስዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ የእንጨት ሥራ መምህር ያስፋፋው ዘዴ አዳነኝ። ግማሽ ሚሊ ሜትር የምትሆን ስስ የብረት ማስመሪያ ከመሳያው በአንደኛው ዳር ታስቀምጣለህ። የምላጩን ጀርባ በማስመሪያው ላይ አሳርፈህ ጫፉን ብቻ መሳያው ላይ ታስነካለህ። ምላጩ ከአንድ ዲግሪ በታች ቀና ስለሚል የሚሳለው ጫፉ ላይ ያለ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የቀረው ጀርባ እንደተበሳሳ ይቀራል። ማን ያየዋል? ከተደራቢው ብረት ሥር ነው።

መሳያ ድንጋይ አልገዛሁም። መስታወት ላይ የመኪና ቀለም ቀቢዎች በውሃ የሚሠሩበትን ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት ለጠፍኩ። 400፣ 800፣ 1500፣ 2000፤ ከሻካራው ወደ ለስላሳው። እያንዳንዱ ላይ የምትቆየው ከጀርባ በኩል በጣት የሚዳሰስ ስስ ጠርዝ እስኪወጣ ነው። ያ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ካልተሰማህ ስለቱ ጫፍ አልደረሰም፤ ወደሚቀጥለው አትለፍ። እኔ መጀመሪያ ቸኩዬ አልፌ ነበር፤ 2000 ላይ ግማሽ ሰዓት ፈትጌ ምላጩ ቅቤ አይቆርጥም ነበር። ወደ 400 ተመለስኩ። መጨረሻ ላይ ጫፉን ብቻ ወደ 30 ዲግሪ ቀና አድርጌ ጥቂት ጊዜ ሳብኩትና በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ አሻሸሁት። የክንዴን ፀጉር ላጨ።

ማዕዘኖቹን በጥቂቱ አጎበጥኳቸው። ካልጎበጡ ጫፋቸው እንጨቱ ላይ መስመር ይተዋል።

ወይራ

የጎደለችው ብሎን የኋላውን እጀታ ከፊት በኩል የምትይዘው ናት። ቁጥር 4 ላይ የለችም፤ ከ5 ጀምሮ ነው ያለችው። እሷ ስለጠፋች እጀታው ሲወላወል ኖሮ ቀንዱ (የላይኛው ጫፉ) ተሰብሯል። ብሎኗን ቶርኖ ቤት አሠራሁ። ልጁ የሌላኛዋን ብሎን ጥርስ ለክቶ በአንድ ከሰዓት ጨረሰልኝ፤ የጠየቀኝም ከፈራሁት በታች ነበር።

ለእጀታው ወይራ ፈለግኩ። ጠንካራ ነው፣ እጅ ሲነካው ይወዛል፣ ሽታውም አለ። ግን ወይራ መቅረጽ ዋንዛን መቅረጽ አይደለም። ከሁሉም የከበደው ረጅሙ ቀዳዳ ነው፤ ብሎኑ በእጀታው ውስጥ ከላይ እስከ ታች ያልፋል። ቅርጹን ከጨረስኩ በኋላ በትራፓኖ ስበሳው ፑንታው ሄዶ በጎን ወጣ። ሁለተኛውን እንጨቱ ገና አራት ማዕዘን እያለ በሳሁት። ቅርጹን ከቀዳዳው ዙሪያ አወጣሁ። እንደዚያ ነበር መሆን የነበረበት።

የፊቱን ክብ እጀታ አልቀየርኩትም። አንድ ጎኑ ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎድጓዳ አለ፤ የማላውቀው ሰው በብዙ ዓመት ሥራ የቆፈረው። የእኔም ጣት ልክክ ይልበታል።

ሙከራ

በቁራጭ ዋንዛ ሞከርኩ። ሁለት ጊዜ በደንብ ላገ፤ ሦስተኛው ላይ ቆመ። አፉ በፍቅፋቂ ታጨቀ። አወጣሁ፣ ገፋሁ፣ ታጨቀ።

ተደራቢውን ብረት ረስቼው ነበር። ሥራው የተላገውን ልጣጭ ሰብሮ ወደ ላይ ማጠፍ ነው። ጫፉ ከምላጩ ጀርባ ጋር ፍጹም ካልገጠመ ልጣጩ መሃላቸው ይገባና ይዘጋዋል። ሁለቱን አጣብቄ ወደ መስኮት አየሁ፤ በመሃላቸው ብርሃን ይገባል። ተደራቢውን ጫፉ ብቻ እንዲነካ ጭራውን ዝቅ አድርጌ መስታወቱ ላይ ፈተግኩት። አሥር ደቂቃ። ብርሃኑ ጠፋ። ከስለቱ ጫፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ወደኋላ አድርጌ አሰርኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ድምፅ ሌላ ነው። መላጊያ በደንብ ሲልግ ሸማ የሚቀደድ ዓይነት ድምፅ አለው። ልጣጩ እየተጠቀለለ ወጣ። ጉጡ አካባቢ፣ እንጨቱ አቅጣጫውን በሚቀይርበት፣ አልቦጨቀም። ጋሼ ልጣጩን አንስተው በጣታቸው ሰበሩት፤ «ደህና» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ። ከእሳቸው ይኼ ብዙ ነው።

ሰዓቱን በወረቀት ስይዝ ነበር። ጠቅላላ 33 ሰዓት። ከዚያ ውስጥ 11ዱ ዝገት ማስለቀቅና ማሳመር፣ 7ቱ ወለል፣ 6ቱ እጀታ፣ 4ቱ መፍታትና ብሎን ፍለጋ። ምላጩና ተደራቢው 5 ሰዓት ብቻ። በ5 ሰዓት ይሆን የነበረውን ነገር ነው 33 ሰዓት የፈጀሁበት።

በሩ

እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው በሩን ከማጠፊያው አወረድነው። ወንድሜ በጠርዙ አቁሞ ያዘው፤ እኔ ላግኩ። ጋሼ ወንበር ወስደው ተቀመጡ።

«ማጠፊያው ካለበት ጎን እንዳትነካ። በወዲያኛው።»

«እሺ።»

«ቀጥ አድርገህ አትላገው። ወደሚዘጋበት በኩል ትንሽ አዘንብለው። ሲዘጋ መቃኑን እንዳይነክስ።»

የልጁ ማሽን የሠራውን ደረጃ ለማጥፋት ስምንት ዙር ያህል ፈጀብኝ። የተቦጨቀው ከታች በኩል ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ላጥፋው ብል በሩ ይጠብ ነበር። «ተወው፤ ክረምት ነው፤ አሁን ያበጠውን ብትላገው በጋ ነፋስ ታስገባለህ» አሉኝ።

ከዚያ ጣታቸውን የተላገው ጫፍ ላይ አሳለፉ። «ለምን እንደገና እንዳበጠ ታውቃለህ? ያ ልጅ ላገና ራቁቱን ትቶት ሄደ። የቀረው በቫርኒሽ የተሸፈነ ነው። እዚህ ጋ ግን ዋንዛው አፉን ከፍቶ ውሃ ሲጠጣ ነበር።»

እኔ ደግሞ አምስት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን ማሽኑ ላይ ስጥል ነበር።

መስከረም አጋማሽ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ጫፉን፣ ላዩንና ታቹንም ጨምሬ፣ ሁለት እጅ ቫርኒሽ ቀባሁት። አሁን ኅዳር ነው። በሩ በአንድ ጣት ይዘጋል። ከላይ በኩል በበሩና በመቃኑ መሃል የአንድ ብር ሳንቲም ያልፋል፤ ከታች አያልፍም። መላጊያው ዘይት ተቀብቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው። ሐምሌን እየጠበቅኩ ነው።